መካንነትን የሚመረምር ሐኪም፤ ሙያውና ሥርዓቱ



ዛሬ እንድናገርበት የፈቀዳችሁልኝ ጉዳይ በአደባባይ ከሚነገርበት ጊዜ ይልቅ በጓዳ የሚለቀስበት ጊዜ የሚበዛ ስለ ሆነ፣ ባልና ሚስት ልጅ ሳያገኙ ሲቀሩ ምክንያቱን መርምሮ የሚያክማቸው ሐኪም ምን ተምሮ፣ ስንት ዘመን ደክሞ፣ በምንስ ሥርዓት እንደሚሠራ በግልጥ ቋንቋ ማስረዳት ለሕዝባችን የሚጠቅም መስሎ ታይቶኛል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መግለጫ ለአካለ መጠን ከደረሱት ሰዎች ከስድስቱ አንዱ ያህል በዕድሜው መካንነት እንደሚያጋጥመው፣ ይህም ቍጥር በሀብታሙና በድኻው አገር መካከል ብዙ እንደማይለያይ ስለ ገለጠ፣ በዚህ አዳራሽ ተቀምጦ ነገሩ አይመለከተኝም የሚል ሰው ቢኖር እንኳ የወንድሙን ወይም የእኅቱን ቤት ሊያስታውስ ይገባዋል። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

መካንነት ዛሬ የመጣ ደዌ አይደለም። ሣራና ርብቃ፣ ራሔልም፣ የሳሙኤል እናት ሐናም ብዙ ዘመን ያለ ልጅ ኖረው ማዘናቸውን፣ ዘካርያስና ኤልሳቤጥም በስተርጅናቸው ዮሐንስን ማግኘታቸውን ከክርስቲያኑ ወገን የማያውቅ የለም፤ በሙስሊሙም ዘንድ የነቢዩ ዘከሪያ ጸሎት የታወቀ ነው። ቤተ ክርስቲያን ነሐሴ 7 ቀን ፅንሰታ ለማርያም ብላ የምታከብረው በዓል መሠረቱ የማርያም ወላጆች የኢያቄምና የሐና ታሪክ ሲሆን፣ ይህን ታሪክ ባሰብሁት ቍጥር ልቤን የሚነካው ነገር፣ አበው እንዳቈዩልን ትረካ፣ ልጅ ስለሌለው በቤተ መቅደስ የተነቀፈውና መባው የተመለሰበት ባልየው ኢያቄም መሆኑ ነው። እኛ ግን በዓሉን እያከበርን ነቀፌታውን ሁሉ በሴቲቱ ትከሻ ላይ ጫንነው፤ አንድ ሰው ሁለት ሚስት አግብቶ ፈትቶ፣ ሦስተኛይቱም ሳትወልድለት ስትቀር፣ ጐረቤቱ ሦስቱን ሴቶች ሲያማ ሰውየውን አንድ ቀን እንኳ ተመርመር ያለው ሰው ሳይገኝ የሚቀርበት አገር ብዙ ነው። ባህር ተሻግረን እስከዚህ ከመጣን በኋላም ይህ ልማድ አብሮን ስለ መጣ፣ ዛሬ የምናገረው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ነገር ላይ ነው፤ የመካንነት ሐኪም ሙያ የሚጀምረው ከሁለት ሰው እንጂ ከአንድ ሰው አይደለም።

በአሜሪካ አገር ይህን ሙያ የሚይዝ ሰው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በኋላ አራት ዓመት በኮሌጅ፣ አራት ዓመት በሕክምና ትምህርት ቤት፣ አራት ዓመት ደግሞ በማሕፀንና ፅንስ ሕክምና ሥልጠና ያሳልፋል፤ ከዚህ በኋላ ማዋለድንና ቀዶ ሕክምናን ዐውቆ በሙሉ ስፔሻሊስትነት ሊሠራ ሲችል፣ እንደገና ሦስት ዓመት ተማሪ ሆኖ ስለ ሆርሞንና ስለ መካንነት ብቻ ያጠናል። በነዚህ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሚማረው፣ ከአንጐል ሥር ካለችው ትንሽ ዕጢ ተነሥቶ ወደ ሴቲቱ የእንቁላል ዕጢና ወደ ወንዱ የዘር ፍሬ የሚወርደው ትእዛዝ በደም ውስጥ እንዴት እንደሚመላለስ፣ ከእንቅርት ዕጢ የሚመጣ መታወክ የወር አበባን እንዴት እንደሚያዛባ፣ በአልትራሳውንድ የሚታየው ጥላ ምን እንደሆነ፣ ፅንስም በላቦራቶሪ እንዴት እንደሚያዝ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ማለት ነው። ይህ ሁሉ ዕውቀት ግን፣ የማይሆንን ነገር አይሆንም ብሎ፣ ሊሆን የሚችለውንም ሳያጋንን የሚናገር ቅን አንደበት ካልተጨመረበት፣ ልጅ የናፈቀውን ሰው ኪስ ለማራቈት ብቻ የሚያገለግል እንደሚሆን ሳልናገር አላልፍም፤ ናፍቆት የያዘው ሰው የተጠየቀውን ሁሉ ይከፍላልና።

ምርመራው ሥርዓት አለው። ባልና ሚስት መከላከያ ሳይጠቀሙ አንድ ዓመት አብረው ኖረው ፅንስ ካልመጣ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባቸዋል፤ ሚስቲቱ ሠላሳ አምስት ዓመት ካለፋት ስድስት ወር ይበቃል፤ የወር አበባዋ የሚዛባባት ወይም ቀድሞ የማሕፀን ሕመም ያገኛት እንደሆነ ጭራሽ መጠበቅ አያስፈልግም። ሐኪሙ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ እንቁላል በየወሩ ትወጣለችን? ዘር በበቂ መጠንና ብርታት አለን? ሁለቱ የሚገናኙበት ቱቦ ክፍት ነውን? ከሦስቱ ሁሉ በዋጋ የሚረክሰውና ሥቃይ የሌለበት የባልየው ምርመራ ሆኖ ሳለ፣ በእኛ ሕዝብ ዘንድ ግን ሚስቲቱ ደሟ ተቀድቶ፣ ራጅ ተነሥታ፣ አንዳንዴም በቀዶ ሕክምና ተመርምራ ካበቃች በኋላ ባልየው በስንት ልመና የሚመጣ መሆኑ እጅግ የሚያሳዝን ነው። የመካንነት ምክንያት ከሚገኝባቸው ቤቶች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ወገን ለብቻው ወይም ከሴቲቱ ጋራ ድርሻ ያለው መሆኑን ሐኪሞች በብዙ አገር መርምረው አረጋግጠዋል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 16 ሚሊዮን የዘር ሕዋስ እንደ ዝቅተኛ መለኪያ ተቀምጧል፤ ከዚህ ያነሰ ሰው ሁሉ መካን ነው ማለት አይደለም፣ የበለጠም ሁሉ አባት ይሆናል ማለት አይደለም፤ ስለዚህም ሐኪሙ ምርመራውን ይደግመዋል። የዘር ሕዋስ ተፈጥሮ ለመብቃት ከሁለት ወር በላይ ስለሚወስድበት፣ በመስከረም ትኵሳት የያዘው ሰው ጉዳቱ በኅዳር ምርመራ ላይ ይታይበታል። እዚህ ላይ ለወጣቶቻችን አንድ ምክር ልጨምር። በዚህችው በሲያትል ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሙ አልቪን ፖልሰን፣ ከእርሱም ጋራ ዊልያም ብሬምነር፣ ቴስቶስቴሮን የተባለውን የወንድነት ሆርሞን በመርፌ መስጠት ለወንድ የወሊድ መከላከያ ሊሆን ይችል እንደሆነ ለብዙ ዓመታት መርምረዋል፤ ከውጭ የሚገባው ሆርሞን አንጐል ወደ ዘር ፍሬ የሚልከውን ትእዛዝ ስለሚያስቆም የዘሩ ቍጥር እየወረደ በብዙዎች ላይ እስከ ባዶ ይደርሳልና። እንግዲህ ጡንቻውን ለማፈርጠም በየስፖርት ቤቱ ይህን መርፌ የሚወጋ ጐልማሳ፣ ለመከላከያነት የተመረመረውን ነገር ሳያውቅ በገዛ ሰውነቱ ላይ እየፈጸመ ልጅ ለምን አልመጣም ብሎ ይጨነቃል። መርፌውን ሲተው ዘሩ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ነገር ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል።

ስለ ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማለት ስለ ቱቦው፣ ረዘም አድርጌ እንድናገር ፍቀዱልኝ፤ አገራችንና ሲያትል ሳይተዋወቁ የተገናኙት በዚህ ነጥብ ላይ ስለ ሆነ ነው። በጎጃምና በጎንደር፣ በወሎም ገጠር ያደገ ሰው፣ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኗን ስለሚወጋት በወረንጦ እየነቀለች የምትውል አሮጊት አያት ሳያይ አላደገም። ይህ ትራኮማ የተባለው ደዌ የአማራን ክልል በዓለም ላይ እጅግ ከተጐዱት አገሮች አንዱ ያደረገው ሲሆን፣ ምክንያቱ ክላሚዲያ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው በልጅነት ደጋግሞ እየያዘ የዓይንን ሽፋን ከውስጥ ሲያቈስለው፣ ቍስሉም በጠባሳ ሲድን፣ ጠባሳው ቆዳውን ይጐትተዋል። የዚሁ ባክቴሪያ ሌላ ወገን ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት እየተላለፈ በማሕፀን ቱቦ ውስጥ ይኸንኑ ያደርጋል፤ ያቈስላል፣ ጠባሳ ያበጃል፣ ጠባሳውም ከፀጕር ጥቂት የሚሰፋውን መንገድ ይደፍነዋል። በዓይን ላይ የሚታየውን ጠባሳ መንደሩ ሁሉ ያየዋል፤ በማሕፀን ውስጥ ያለውን ግን ባለቤቲቱም አታውቀውም፤ ይህ ደዌ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ያለ ምንም ስሜት ያልፋልና። እንዳትሳሳቱ፤ የአያታችን የዓይን ሕመም ማንንም መካን አያደርግም፤ ባክቴሪያው አንድ፣ ወገኑና ግብሩ ግን ልዩ ልዩ ነው።

ይህን ልዩነት በሥርዓት ከለዩት ሊቃውንት መካከል ቶማስ ግሬስተንና ሳን ፒን ዋንግ ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች በታይዋን ደሴት ስለ ትራኮማ ክትባት ሲመራመሩ ቆይተው ሥራቸውን በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቀጠሉና፣ በ1970 ከጥቂት ደም ላይ የክላሚዲያን ወገኖች አንድ ባንድ የሚለይ ምርመራ ለዓለም አበረከቱ። ኤ፣ ቢና ሲ የተባሉት የዓይን፣ ከዲ እስከ ኬ ያሉት ደግሞ በይበልጥ የማሕፀንና የሽንት መንገድ መሆናቸው በግልጥ የተለየው በዚህ ዓይነት ጥናት ነው። ለዓይን የተጀመረው ድካም ለማሕፀን ጠቀመ ማለት ነው፤ በየዋህነት ስለ አንዱ የደከመ ሊቅ ለሌላው መድኃኒት መሆኑ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ተደጋግሞ የሚታይ ስለ ሆነ፣ ምርምርን ወዲያው በሚሰጠው ፍሬ ብቻ የሚመዝኑትን ሰዎች አልወድላቸውም።

ደዌው በቱቦው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በቍጥር ያሳየው የስዊድኑ ሐኪም ላርስ ቬስትረም ነው። በ1992 ባሳተመው ጥናት የማሕፀንና የቱቦ ብግነት አንድ ጊዜ ካገኛቸው ሴቶች 8 በመቶው፣ ሁለት ጊዜ ካገኛቸው 20 በመቶ ያህሉ፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ካገኛቸው 40 በመቶው በቱቦ መደፈን ምክንያት መካን ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ከታወቀ ዘንድ ሕመም ሳይሰማት ደዌውን የተሸከመችውን ሴት ፈልጎ ማግኘት ይጠቅም ይሆን? የሚለው ጥያቄ ቀረ፤ መልሱም የተገኘው እዚሁ ሲያትል ነው። ግሩፕ ሄልዝ በተባለው፣ በ1947 ሕዝብ በኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁሞት በነበረው የጤና ድርጅት ውስጥ፣ ዴሊያ ሾልስና ባልደረቦቿ፣ በመካከላቸውም የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ታላቅ የአባለዘር በሽታ ሊቅ ኪንግ ሆልምስ፣ ወጣት ሴቶችን በዕጣ ከሁለት ከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን ኑና ስለ ክላሚዲያ ተመርመሩ የሚል ጥሪ አቀረቡ፤ ሁለተኛውን ወገን በተለመደው ሕክምና ተዉት። በ1996 እንደ ታተመው፣ ዓመቱ ሲፈጸም ከተጠሩት 1009 ሴቶች 9፣ ካልተጠሩት 1598 ሴቶች ደግሞ 33 የማሕፀን ብግነት አገኛቸው፤ መጠራቱ ብቻ ደዌውን ከግማሽ በላይ ቀነሰው። እኔ ይህን ጥናት በመካንነት ሕክምና ታሪክ ውስጥ ከታላላቆቹ አንዱ አድርጌ እቈጥረዋለሁ፤ በጋዜጣ ፎቶግራፍ የሚወጣለት ሕፃን የለውም፤ ነገር ግን ሐኪም ደጅ ሳይጠኑ በየቤታቸው የወለዱ ሴቶች በእርሱ ምክንያት አሉ።

ስለዚህ ከጋብቻ በፊት ኤች አይ ቪ የሚመረመሩ እጮኞች፣ ክላሚዲያንና ጨብጥን ጨምረው ቢመረመሩ መልካም ነው፤ ምርመራው በሽንት ብቻ ሊደረግ የሚችል፣ የክላሚዲያ መድኃኒትም የሰባት ቀን ክኒን ነው። ሁለቱም ካልታከሙ ግን የዳነችው እንደገና ትያዛለች። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ የተሠራውን ጠባሳ አይፈታም። በአገራችን ደግሞ ቱቦን ከሚደፍኑት ነገሮች መካከል ማሕፀን ላይ የሚወጣ የቲቢ (ነቀርሳ) በሽታ፣ ንጽሕና በጐደለው ወሊድና ውርጃ የሚመጣ መመረዝም ስላሉ፣ አንድ ጊዜ ወልዳ ሁለተኛውን ያጣች ሴት፣ ወልጃለሁና ጤነኛ ነኝ ብላ ምርመራን አትተው።

ጠባሳው መንገዱን ከዘጋ በኋላ የሚቀረው ጥበብ መንገዱን መተው ነው። በእንግሊዝ አገር በኦልድሃም ከተማ በሐምሌ 1978 ከማሕፀን ውጭ ተፀንሳ ከሰው ሁሉ በፊት የተወለደችው የሉዊዝ ብራውን እናት ቱቦዋ ተዘግቶባት ዘጠኝ ዓመት ያህል ልጅ ያጣች ነበረች፤ ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶ እንቁላሉን አወጣ፣ ሊቁ ሮበርት ኤድዋርድስ ከዘር ጋራ አገናኘው፣ ጂን ፐርዲ የተባለችውም ነርስ ፅንሱ ሲከፈል በማጕያ መነጽር ጠበቀችው። ኤድዋርድስ በ2010 የኖቤልን ሽልማት ሲቀበል ሁለቱ ባልደረቦቹ በሕይወት አልነበሩም። ዛሬ ይኸው ሥራ ሴቲቱ አሥር ቀን ያህል የሆርሞን መርፌ ተወግታ፣ ከጤፍ ቅንጣት በብዙ የምታንሰው እንቁላል በቀጭን መርፌ ተቀድታ፣ ከባልየው ዘር ጋራ በላቦራቶሪ ተዋሕዳ፣ በአምስተኛው ቀን አካባቢ ወደ ማሕፀን በመመለስ ይፈጸማል። ዘሩ እጅግ ያነሰ እንደሆነ በ1992 የብራስልስ ሐኪሞች ባስታወቁት ጥበብ አንዷን የዘር ሕዋስ መርጦ በእንቁላሉ ውስጥ በመርፌ ማስገባት ይቻላል። እንቁላሉ የሴቲቱ የራሷ፣ ዘሩም የባልየው የራሱ ስለ ሆነ፣ ልጁ የማን ነው እያሉ በስውር የሚጠይቁ ሰዎች ጥርጣሬያቸውን ሊያስወግዱ ይገባል።

ይህ ጥበብ ግን ዕድሜን አያሸንፍም። ሴት ልጅ ስትወለድ አንድ ወይም ሁለት ሚሊዮን የእንቁላል ዘር ይዛ ትወለዳለች፤ ሌላ አይጨመርላትም፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ሦስት መቶ ሺህ ያህል ይቀራታል፤ ከሠላሳ አምስት በኋላ ቍጥሩም ጥራቱም ፈጥኖ ይወርዳል። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ማይክል ሱልስ የአሜሪካን የመካንነት ሐኪሞች ማኅበር በመራበት ጊዜ፣ በ2001፣ ማኅበሩ ዕድሜን፣ ማጨስን፣ የሰውነት ክብደትንና የአባለዘር በሽታን በሚመለከት ሕዝብን ለማስጠንቀቅ ዘመቻ ሲያደርግ፣ ሴቶችን አስጨነቃችሁ ብለው የተቈጡ ብዙዎች ነበሩ። እኔ ግን እውነቱን አስቀድሞ መናገር ርኅራኄ እንጂ ጭካኔ አይደለም ባይ ነኝ፤ በተለይም በእኛ ዘንድ፣ ሴቲቱ አምስቱን ዓመት በዝምታ፣ ሁለቱን ዓመት ባልየው እስኪፈቅድ ስትጠብቅ ቆይታ በአርባ ዓመቷ ሐኪም ዘንድ ስትደርስ፣ የጠፋው ጊዜ በምንም ገንዘብ አይመለስም። በጸበል የሚጠመቅ ሰውም ሐኪም ዘንድ እንዳይሄድ የሚከለክለው ነገር የለም፤ ሁለቱን ጐን ለጐን ያድርግ፤ መጠኑ ያልታወቀ የሥር መድኃኒት ከጠጣ ግን ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር።

ከእኛው ወገን በዚህ ሙያ ከፍ ካለው ማዕረግ የደረሰች ዶክተር ሰናይት ፍሥሓ መሆኗን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ኢትዮጵያ ተወልዳ በአሜሪካ ሕክምናንና ሕግን አጣምራ ተማረች፤ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲም የመካንነት ሕክምናውን ክፍል እስከ መምራት ደረሰች። በዚያም ሳትወሰን በዚያው ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካን ሐኪሞች በሥነ ተዋልዶ ጤና የሚያሠለጥን ማዕከል መሥርታ፣ አዲስ አበባ ካለው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ጋራ እንዲተባበር አደረገች፤ በዚሁ ትብብር በ2019 በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል በጳውሎስ ሆስፒታል ተከፈተ። ከዚያ በፊት ለዚህ ሕክምና ወደ ሕንድና ወደ ታይላንድ የሚሄደው ባለ ገንዘብ ብቻ ነበር። አንድ ሰው በውጭ አገር የተማረውን ይዞ ለራሱ ብቻ ሐኪም ቤት መክፈት ሲችል፣ በአገሩ ሌሎች ሐኪሞችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች እንዲፈጠሩ መድከሙ እኔን የበለጠ ያስደስተኛል፤ ይህ ሙያ በአንድ ሰው አይቆምምና፤ ፅንስ የሚጠብቅ የላቦራቶሪ ሰው፣ መርፌ የምታስተምር ነርስ፣ የማይቋረጥ መብራትም ይፈልጋል።

በሲያትል ለምትኖሩት ስለ መጀመሪያው ቀጠሮ ጥቂት ልናገር። እንግሊዝኛው የማይቀናው ሰው አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለው፤ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም ሁሉ ያለ ክፍያ እንዲያቀርብ ሕግ ያዘዋል። ሃርበርቪው ሆስፒታል ከ1990ዎቹ ጀምሮ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ሕዝብ ባህልና ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች በሐኪሙና በታማሚው መካከል እንዲቆሙ በማድረጉ የተመሰገነ ነው። የአክስት ልጅን ወይም ጐረቤትን ለማስተርጐም ይዞ መሄድ ግን በዚህ ጉዳይ አይበጅም፤ ሐኪሙ ስለ ቀድሞ ወሊድ፣ ስለ ውርጃ፣ ስለ አባለዘር በሽታ ሲጠይቅ በዘመድ ፊት እውነቱን የሚናገር ጥቂት ነውና፤ እውነቱ ካልተነገረ ደግሞ ምርመራው በተሳሳተ መንገድ ይሄዳል። ሚስትና ባል አንድ ላይ ቢገቡም፣ እያንዳንዳቸው ለብቻ ከሐኪሙ ጋራ ጥቂት ደቂቃ እንዲሰጣቸው ሊጠይቁ ይችላሉ።

ስለ ገንዘብም እውነቱ ይነገር። ከማሕፀን ውጭ ፅንስ የሚፈጠርበት ሕክምና አንዱ ዙር በዚህ አገር ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል፤ መድኃኒቱ ሲጨመር እጅግ ይበልጣል፤ በአንድ ዙርም ይሳካል ብሎ ቃል የሚገባ ሐኪም ቢኖር ተጠራጠሩት። ነገር ግን ስታርባክስን የመሳሰሉ የዚህ ከተማ ኩባንያዎች በከፊል ሰዓት ለሚሠሩት ሠራተኞች ጭምር በዚህ ሕክምና ድጋፍ የሚሰጡ በመሆናቸው፣ ገንዘብ የለኝም ብሎ ከመመለስ በፊት የአሠሪን የኢንሹራንስ ውል ማንበብ፣ የማይገባውንም ክፍል ማስነበብ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህ ሁሉ ሳያስፈልገው፣ እንቁላል በየወሩ እንድትወጣ በሚረዳ ክኒን ወይም የእንቅርትን ዕጢ በማከም ብቻ ልጅ ያገኛል፤ ሆኖም የትኛው እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው ከምርመራ በኋላ ነው።

ሚስቲቱ የወር አበባዋ የመጣበትን ቀን የመጨረሻዎቹን ጥቂት ወራት ጽፋ፣ አገር ቤት የተነሣችውን ራጅና የተሰጣትን ወረቀት ሁሉ ይዛ ትሂድ። ባልየው ደግሞ ለዘር ምርመራ ከግንኙነት ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ቆይቶ መቅረብ ስላለበት፣ ቀጠሮው ሲያዝ የእርሱም ምርመራ በዚያው ሳምንት እንዲሆን ስልኩን አንሥቶ ራሱ ይጠይቅ።